የክት ጫማ

ባለፈው ዓመት የከተራ ዕለት፣ የሰፈራችን ደብር ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ፣ ከሕዝቡ ጋር እየዘመርሁ ስሄድ አንድ ልጅ ከኋላዬ ሮጦ መጣና ክንዴን ያዘኝ። በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ከሚዘረጉትና ታቦቱ ካለፈ በኋላ ጠቅልለው እንደገና ወደ ፊት ከሚሮጡት ወጣቶች አንዱ ነበር፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ጋሼ፣ ጫማዎ እየፈረሰ ነው» አለኝና በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ዞር ስል፣ እኔ በመጣሁበት መስመር አስፋልቱ ላይ፣ ቀዳዳ ስልቻ የተሸከመ ሰው እንዳፈሰሰው እህል ነጭ ፍርፋሪ ተንጠባጥቦ አየሁ። ፍርፋሪው የእኔ ነበር።

ጫማውን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መጫማቴ ነው። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ አረጋገጤ ለስለስ ይለኝ ስለ ነበር በልቤ «ምቾት ማለት ይኼ ነው» እያልሁ ነበር የምሄደው፤ ለካ ልስላሴው ሶሉ ከሥሬ እየተናደ ኖሯል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት የግራው ተረከዝ ከነአካቴው የለም፤ የቀኙ ከመሃሉ ተሰንጥቆ፣ ከውሃ እንደ ወጣ ዓሣ በተራመድሁ ቁጥር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከሶሉ በላይ ያለው ግን አንዳች አልሆነም። ነጭና ቀይ ቆዳው ያበራል፣ ማሰሪያው እንደ ተገዛ ነው፣ ቁርጭምጭሚቴን ያቀፈው አንገቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚያየኝ ሰው ባለ አዲስ ጫማ ነኝ፤ ተረከዜ ግን አስፋልቱን መንካት ጀምሯል።

ከአንድ ዘንባባ ሥር ቁጭ ብዬ ማሰሪያውን መፍታት ያዝሁ። ጫማው በየጎኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ቀዳዳ ስላለው ሁለቱንም ፈትቼ እስክጨርስ ታቦቱ ርቆኝ ሄደ። ካልሲዬን ኪሴ ከትቼ፣ ጫማዬን በማሰሪያው አንጠልጥዬ፣ ፀሐይ ሲመታው በዋለው አስፋልት ላይ በባዶ እግሬ እየተጣደፍሁ ስደርስባቸው፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና ፊታቸው በራ። «ተባረክ የኔ ልጅ! ታቦት መከተል እንዲህ ጫማን አውልቆ ነው እንጂ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልሁ። ያንን አሜን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያልሠራሁበትን ምርቃት መቀበሌ እየቆጠቆጠኝ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ቀኑን ሙሉ በአእምሮዬ ሲመላለስ ዋለ። የእኔው ለጥምቀት ደርሷል፤ የተበጣጠሰውም ለጥምቀት ነው።

እግር ያልገባበት

ጫማውን የገዛሁት በግንቦት 2016፣ ባሕር ዳራችን ላይ አዲሱ የአባይ ድልድይ በተመረቀበት ወር ነው። ፎቶውን ማታ በቴሌግራም አየሁት፤ በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ጭማቂ ቤት ከሻጩ ጋር ተገናኘን። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የነበሩትን የቅርጫት ኳስ ጫማዎች መልክ ይዞ እንደገና የተሠራ፣ አንገተ ረዥም ስኒከር ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ነገር በብዙዎቹ ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ መጥራቱ አንዱን በከንቱ ማማት ይሆንብኛል። ልጁ ካርቶኑን እንደ ሙዳየ ምጽዋት በጥንቃቄ ከፈተና «ወንድሜ፣ አንድም ቀን እግር አልገባበትም፤ ሶሉን እየው» አለኝ። አየሁት። የሶሉን ጥርሶች አቧራ እንኳ አልነካቸውም። ዛሬ ሳስበው ልጁ አንድም ቃል አልዋሸኝም፤ «እግር አልገባበትም» ያለውን እንደ ሙገሳ የሰማሁት እኔው ነኝ።

7,000 ብር ብሎ በ6,500 ተስማማን። ለመለካት ያህል ተጫምቼው በጭማቂ ቤቱ ንጣፍ ላይ ሦስት እርምጃ ሄድሁ፤ ከዚያ በላይ መሄድ ሶሉን ማቆሸሽ መሰለኝ። ስለ ቁጥሩ ጠየቅሁ፣ ስለ ቀለሙ ጠየቅሁ፣ ትክክለኛ እንጂ ኮፒ አለመሆኑን ደጋግሜ ጠየቅሁ። መቼ እንደ ተመረተ ግን አልጠየቅሁም። ወተት ስገዛ የማየውን ቀን በጫማ ላይ መፈለግ በሐሳቤም አልመጣ።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት የገዛሁት ጫማ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ስኒከርን ሁሉ ቶርሽን እያልን በምንጠራበት ዘመን፣ ከክፍላችን አንድ ልጅ አጎቱ ከውጭ የላከለት እንዲህ ያለ አንገተ ረዥም ጫማ ነበረው። ልጁ ኳስ አይችልም ነበር፤ ጫማው ግን ይችልለት ነበር። ሱሪውን በጫማው አንገት ውስጥ ከቶ በግቢው ሲያልፍ፣ እኛ ባለ ሸራዎቹ እግራችንን ከወንበር ሥር እንሰበስብ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ያ እግር የተሰበሰበበት ወንበር ነው 6,500 ብር ያስከፈለኝ።

ሬትሮ የሚባለው፣ የድሮውን መልክ ይዞ የሚሠራው ጫማ ኃይሉ ከዚህ ላይ ይመስለኛል። አንገቱ በመጀመሪያ ጌጥ አልነበረም። ኮንቨርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ኦል ስታር የተሰኘውን የሸራ ጫማ ሲያወጣ፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ ያለበሰው የቅርጫት ኳስ ተጫዋችን እግር ይደግፋል ተብሎ ነው። በውስጠኛው ጎን ያለችው ክብ ምልክትም የአጥንቱን ጉብታ ከምት ትከላከላለች ተብላ የተቀመጠች ናት፤ ጫማውን እየዞረ ያስተዋወቀው ተጫዋች የቻክ ቴይለር ፊርማ በ1930ዎቹ የታከለባት ከዚያ በኋላ ነው። በ1985 ኤር ጆርዳን 1 በአሜሪካ በ65 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ ሸራው በቆዳ ተተክቶ ነበር፤ አንገቱ ግን እዚያው ነው። ዛሬ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ብዙዎቹ አንገተ አጭሩን ሲመርጡ፣ አንገተ ረዥሙ ከሜዳ ወጥቶ ካፌ ገባ። የሥራ ዕቃ የነበረው ነገር ሥራው ሲቀር ውበቱ ብቻ ተረፈ፤ ዋጋውም የሚቆረጠው በዚያ በተረፈው ነው። አያምርም ማለቴ ግን አይደለም። ቀጭን ሱሪ ከአንገቱ በላይ አርፎ ሲታይ እግርን ሙሉ የሚያደርግ አንዳች ነገር አለው፤ በዚህ ዛሬም አልደራደርም።

ወደ ቤት እንደ ገባሁ እናቴ ጫማውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይኼንማ የክት ታደርገዋለህ» አለችኝ። እኔም ያሰብሁት እንደዚያው ነበር። ከነወረቀቱ ካርቶን ውስጥ መለስሁት፣ ካርቶኑን በፌስታል አሰርሁት፣ ፌስታሉን ከቁምሳጥኑ ሥር ከተትሁት። ለጥምቀት አልሁ። ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲሰቀል፣ የእኔን የመሰለ ጫማ በ11,000 ብር ሲጠራ ሰማሁ። ቁምሳጥን ሥር ወርቅ የቀበርሁ መስሎኝ፣ ክረምቱን በሙሉ ፌስታሉን እንኳ ሳልፈታው ከረምሁ።

«የመርገጥ አይደለም»

በዓሉ ካለፈ በኋላ ጫማውን ይዤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ ከጆሯቸው ጋር ተያይዟል። ሶሉ ተላቆ ከሆነ በማስቲሽ ይያዛል የሚል ተስፋ ነበረኝ። እርሳቸው ግን ማስቲሹን አልነኩም። የቀኙን ጫማ ጭናቸው ላይ ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሶሉን ጫን አደረጉት፤ ጥፍራቸው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ሰጠመ። ሲያወጡት አንድ ጉርሻ የሚያህል ቁራጭ አብሮ ወጣ፤ በሁለት ጣቶቻቸው ሲያሹት ከፊሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፣ ከፊሉ እንደ ሙጫ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ።

«ስንት ዓመት ረገጥኸው?» አሉኝ።

«ግማሽ ቀን፣ ጋሼ።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «አዎ፤ ይኼ የመርገጥ አይደለም፤ የማስቀመጥ ነው» አሉኝ። ከዚያም ከመቀመጫቸው ሥር አንድ ማዳበሪያ ስበው አሳዩኝ፤ ውስጡ እንደ እኔው የፈራረሱ ሶሎች ናቸው፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አንዱ ደግሞ ግራጫ። «እንዲህ ያለውን የሚያመጡልኝ ለጫማቸው የሚሳሱ ሰዎች ናቸው። አውጥቶ የሚረግጥ ሰው ይኼን አያመጣም፤ የሱ ተረግጦ ነው የሚያልቀው።»

ነገሩ እንዳይለቀኝ ያደረገኝ ይህ አባባል ነው። ቤት ገብቼ ስለ ሶሉ ማንበብ ጀመርሁ። በዚያ ዘመን መልክ ከተሠሩት ጫማዎች ብዙዎቹ ከታች ያለው ወፍራም ነጭ ክፍላቸው ፖሊዩሬቴን የሚባል ስፖንጅ ነው። ሲሠራ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ስለሚሞላ ቀላል ነው፤ ሲረገጥ ይሰምጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ችግሩ፣ ከእነዚህ ስፖንጆች አንዱ ዓይነት ውሃን የማይችል መሆኑ ነው። ዝናብ እንዲመታው ግድ አይልም፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ገብቶ የስፖንጁን ረዣዥም ሰንሰለቶች አንድ በአንድ ይቆርጣቸዋል። ሙቀት ሲታከልበት ሥራው ይፈጥናል። ከላይ ምንም አይታይም፤ መልኩ ቢበዛ ወደ ቢጫነት ያደላል። ከዚያ አንድ ቀን የሰው ክብደት ያርፍበታል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ የእኔን አያያዝ ተመልከቱ። ባሕር ዳር በክረምት ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሐይቁ አጠገብ በሆነው ቤታችን ከሐምሌ እስከ መስከረም ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ያዝላል፣ የቆዳ ቀበቶ ተሰቅሎ ሻጋታ ያበቅላል። በዚያ እርጥበት መሃል ጫማውን በፌስታል አፍኜ፣ የገባው እርጥበት መውጫ እንዳይኖረው አስሬ አስቀመጥሁት። አንድ ክረምት ብቻውን ያን ሁሉ አደረገ ማለቴ አይደለም። በጫማው ምላስ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተሰፋችውን የጥፍር ያህል ጨርቅ በመጨረሻ ገልብጬ ሳያት የምርት ዘመኑ 2009 ይላል። ለአንድ አፍታ በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ስምንት ዓመት ብቻ ይሆን ነበርና። በፈረንጅ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ማን ያውቃል በስንት መጋዘንና በስንት ሻንጣ ሲፈርስ ቆይቶ የመጨረሻዋን ክረምት ከእኔ ጋር ከረመ።

በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ ሐይቁ ዳር ስሄድ፣ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ እንዲደርቅ ያቆመ ሰው አየሁ። ታንኳ ስናይ ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን ልብ አንለውም፤ ያን ዕለት ግን ቆሜ ተመለከትሁ። ደንገልም እንደ ሶሌ ስፖንጅ ውስጡ አየር ስለ ሆነ ነው የሚንሳፈፈው፤ እርሱንም የሚገድለው ቀስ ብሎ የሚገባው ውሃ ነው። ባለ ታንኳው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሠርቶ ሲጨርስ ያደርቀዋል፣ ነገ ደግሞ ያወጣዋል፤ ወራት ቆጥሮ ሲያረጅም ሌላ ያስራል እንጂ የክት ታንኳ አስቀምጦ ለበዓል አይጠብቅም። እኔ በዚህ ሐይቅ ዳር አድጌ ከታንኳ ያልተማርሁትን ከጫማ ሰፊ ተማርሁ።

የእናቴ ሳጥን

ለእናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት አልተዋጠላትም። ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር የእንጨት ሳጥኗን ሳበችና የአባቴን ጫማ አወጣች። ጥቁር ቆዳ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ሶሉም ቆዳ ሆኖ በክር የተሰፋ፣ ተረከዙ በምስማር የተመታ። አባቴ ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ያደርገው ነበር፤ ካረፈ በኋላ እናቴ በየዓመቱ አንዴ ፀሐይ ታስመታዋለች፣ ቀለም ትቀባዋለች፣ በነጠላ ቅዳጅ ጠቅልላ ትመልሰዋለች። ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማያንስ ጫማ ነው። ጫማ ሰፊው እንዳደረጉት በአውራ ጣቴ ጥፍር ሶሉን ጫን አልሁት። ጥፍሬ ታጠፈ።

«ታዲያ የክት ማድረግ ነው ያበላሸው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ለብዙ ቀንም ከዚህ ጥያቄ ጋር ሰነበትሁ። በቤታችን ልብስና ጫማ ሁልጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ የክትና የዘወትር። የዘወትሩ የሚያልቅ ነው፤ የክቱ የሚቆይ። አለመጠቀም ማቆየት ነው የሚለው ሐሳብ እንዲህ ከመሆኑ የተነሣ ተናግረነው እንኳ አናውቅም። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ቆዳ የሚያልቀው በመረገጥ ነው፤ ጥጥ የሚያልቀው በመታጠብና በፀሐይ ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ መሳሳት በእርግጥ ዕድሜ ይጨምራል፤ የእናቴ ሥርዓት በእነርሱ ላይ የተፈተነ ነው። እርሷ ደግሞ አስቀምጣ አትረሳም፤ ታወጣለች፣ ታናፍሳለች። እኔ የወሰድሁት የሥርዓቷን ግማሽ፣ መደበቁን ብቻ ነው፤ ያንንም ተሠርቶ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ተረገጠም አልተረገጠም ዕድሜው በሚቆጠር ዕቃ ላይ አዋልሁት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ እኔ ጫማን ከአንገቱ ጀመርሁ።

እግር ሲጠየቅ

ከዚያ ወዲህ ስለ አንገተ ረዥም ስኒከር የማስበው በሌላ መንገድ ሆኗል። ከዚያ ከፈረሰው በፊት አንድ የሸራ አንገተ ረዥም ነበረኝ፤ 1,800 ብር የተገዛ፣ ኮፒ መሆኑን ራሱ ሻጩ ያልደበቀው። ምቾቱን ማሞገስ አልችልም። የሸራዎቹ ሶል በሙቀት ከድኝ ጋር የተዋሐደ ጎማ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ከእግርና ከመሬት መሃል ያለው የውስጥ ገበርም ስስ ነው። በአስፋልት ላይ አይታወቅም፤ ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ግን እያንዳንዷን ድንጋይ ውስጥ እግሬ ይቆጥራታል። ከአባይ ማዶ እስከ መሃል ከተማ በእግሬ በመጣሁ ቀን ተረከዜ ማታ ይጠዘጥዘኛል። ሆኖም ሸራው ይተነፍሳል፤ በውስጠኛው ጎን ያሉት ሁለት የአየር ቀዳዳዎችም ለመልክ የተበሱ አይደሉም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቆዳው ጫማ እግርን ሲቀቅል ሸራው ይታገሣል። ሲጨቀይ ሊስትሮ ዘንድ በብሩሽና በሳሙና ይታጠባል። የሚያልቅበት ቦታም ይታወቃል፤ ጣት በሚታጠፍበት በኩል ሸራውና ጎማው ይላቀቃሉ፤ ያ ደግሞ በማስቲሽ ይመለሳል።

አንገቱ ቁርጭምጭሚትን ከመወለም ያድናል የሚለውንም እንደ ቃል ኪዳን አምኜው ኖሬ ነበር። በ1993 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 622 የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን አንገተ ረዥምና አንገተ አጭር ጫማ አልብሰው ሲያወዳድሩ፣ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኙም። እኔ ደግሞ ኳስ አልጫወትም። አንገቱ ለእኔ የሚሰጠኝ ጥቅም የሐምሌ ጭቃ ካልሲዬ ላይ እንዳይፈነጠቅ ማድረጉ ነው፤ ይህንንም አልንቀውም።

ስለ ምቾት ስናወራ ማንም የማያነሣው ነገር ማውለቁ ነው። ጫማን በቀን ስንት ጊዜ እንደምናወልቅ አስቡት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የዘመድ ቤት፣ የራስ ቤት። በፈረንጅ አገር ሰው ጠዋት አስሮ ማታ የሚፈታው ጫማ፣ እዚህ በቅዳሴ መግቢያ ሰዓት የሰው እግር መሃል ቁጢጥ ብሎ ዘጠኝ ቀዳዳ መፍታት ማለት ነው። የላይኞቹን ሦስት ቀዳዳዎች ሳላስር መተው የጀመርሁት ለፋሽን ሳይሆን ለዚህ ነው። አንድ የጎረቤት ልጅ አይቶኝ «አሁን ገባህ» ብሎ አሞገሰኝ።

ዋጋውን ደግሞ እንዲህ አሰላሁት። የሸራውን በሳምንት አራት ቀን እየተጫማሁ አንድ ዓመት ያህል አገለገለኝ፤ በግምት 200 ቀን ነው፣ ቀኑ 9 ብር ገደማ ደረሰብኝ። የሬትሮው 6,500 ብር ለግማሽ ቀን ነው፤ ከዚህ በላይ ማካፈል አያስፈልገውም። እንግዲህ ርካሹ አተረፈኝ፣ ውዱ አከሰረኝ ብሎ መደምደም ይቀል ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። የከሰርሁት ውድ በመግዛቴ አይደለም፤ ስምንት ወር ሙሉ ባለመርገጤና ዕድሜውን ባለመጠየቄ ነው። ግንቦት ላይ በማግሥቱ ተጫምቼው ቢሆን ኖሮ እንኳ ምናልባት ሰኔ ላይ ይፈርስ ነበር፤ ያኔ ግን ሻጩን አግኝቼ እነጋገረው ነበር። ጥር ላይ የቴሌግራም ቻናሉ የለም።

አሁን ገበያ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ምላሱ ውስጥ ያለችውን ጨርቅ ነው። ከተመረተ አሥር ዓመት የተጠጋው ባለ ስፖንጅ ሶል ከሆነ፣ እግር ያልገባበት መሆኑን እንደ ጉድለት እቆጥርበታለሁ። ሶሉን በጥፍሬ ጫን ሳደርግ ሻጮች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ አንዱማ «ማንጎ መሰለህ እንዴ?» አለኝ።

ፌስታል

የጫማዬ ቆዳ ደህና ስለ ነበር ሽማግሌው አልጣሉትም። የፈረሰውን ስፖንጅ በቢላዋ እስከ ገበሩ ፍቀው አነሡት፤ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ በልኩ ቆርጠው፣ በማስቲሽ ይዘው፣ ዙሪያውን በወስፌና በሰም በተነከረ ክር ሰፉት። ከጎማው በላይ ለተረከዜ የሚሆን ስስ ስፖንጅ ጨምረውበታል፤ እርሱ ሲያልቅ ብቻውን የሚቀየር ነው። ሳምንት ፈጀ፤ 900 ብር ከፈልሁ። መልኩ እንደ ድሮው አይደለም። ቁመቴ በአንድ ጣት ያህል ቀንሷል፣ ጫማው ከብዷል፣ ነጩ ሶል ጥቁር ሆኗል፤ ያ የክፍላችን ልጅ ቢያየው ላያውቀው ይችላል።

ሒሳቡን ከፍዬ ጫማውን ለመያዝ ፌስታል እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

ጎረቤታቸው ያለችው ቲማቲም ሻጭ ሳቀች። ተቀምጬበት ከነበረው የሳጥን በርጩማ ሳልነሣ የላይኞቹን ሦስት ቀዳዳዎች ትቼ ጫማውን አሰርሁት፤ ከእርሷ በለመንሁት ፌስታልም ለብሼው የመጣሁትን ሸበጥ ከትቼ፣ ውሃ ወዳቆረው የባጃጅ መቆሚያ ተሻገርሁ።